የማይቸኩል ሠራዊት ሰዋስው፦ የድዋርፎች የውጊያ ስልትና የበደል መዝገብ በ«ቶታል ዋር፦ ዋርሀመር»

ስለ ኮምፒዩተር የስልት ጨዋታ የተጻፈ ሂስ በልሳናት ጥናት መድበል ውስጥ ሲገኝ አንባቢው «ይህን እዚህ ምን አመጣው?» ቢል አይፈረድበትም። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የስልት ጨዋታ ሕግጋት ያሉት፣ በሕግጋቱም ትርጉም የሚያስተላልፍ ሥርዓት በመሆኑ የሰዋስው ተማሪ ሊያነበው የሚገባ ነገር ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ተማሪዎቻችን ስለነዚህ ጨዋታዎች ዘወትር በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ ሲነጋገሩ ግን ግሡ የአማርኛ፣ ስሙ የእንግሊዝኛ ነው። ለጨዋታ ወሬ ይህ ይበቃል። ለሂስ ግን አይበቃም፤ ስሙን እንዳለ የተቀበለ ሐያሲ በስሙ ውስጥ የተሸሸገውን ፍርድም አብሮ ይቀበላልና።

ለምርመራ የመረጥሁት ክሪኤቲቭ አሰምብሊ ሠርቶ ሴጋ በ2016 ያሳተመውን «ቶታል ዋር፦ ዋርሀመር»ን፣ በ2017 እና በ2022 ከወጡት ሁለት ተከታዮቹ ጋር ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው የተመሠረተው ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ከ1983 ጀምሮ ባወጣው፣ በትናንሽ ምስሎች በጠረጴዛ ላይ በሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ላይ ነው። ተጫዋቹ በካርታ ላይ በዙር እየተራመደ መንግሥቱን ያስተዳድራል፤ ሁለት ሠራዊቶች ሲገናኙ ደግሞ ውጊያውን በሜዳው ላይ በቅጽበት ያዝዛል። ከብዙዎቹ ወገኖች መካከል የምመለከተው ድዋርፎች የተባሉትን፣ ተራራ ፈልፍለው የሚኖሩ፣ አጫጭር፣ ጢማም፣ ብረት ቀጥቃጭና ቂመኛ ሕዝብ ነው። የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። ጨዋታው ስለ ድዋርፎች የሚነግረንን የሚነግረን በሰጣቸው ቋንቋ ሳይሆን በጫነባቸው የውጊያ ሕግ ነው፤ የዚያ ሕግ አስኳልም ብዙ ጊዜ እንደሚባለው መከላከል ሳይሆን ማስመጣት ነው።

ስለ ስማቸውና ስለ ቋንቋቸው

«ድንክ» የሚለው ቃላችን ቅርብ ይመስላል፤ ግን አይሆንም። «ድንክ አልጋ» ሲባል ዝቅ ያለ ትንሽ አልጋ ማለት ነው፤ ለሰው ሲነገር ግን ከእኛ ጋር የሚኖር፣ ስምና ሥራ ያለው ሰው በቁመቱ ብቻ የሚጠራበት፣ ብዙ ጊዜም የሚሰደብበት ቃል ነው። የእንግሊዝኛው አቻም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም። ነገር ግን ያኛው ከጥንት ጀርመናዊ ተረቶች የወረሰው ሌላ ፍቺ አለው፤ በድንጋይና በብረት የተካነ ምናባዊ ፍጡርን ያመለክታል። «ድንክ» ይህ ሁለተኛ ፍቺ ስለሌለው ወደ ጨዋታው ስናስገባው የሚገባው ስድቡ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ድዋርፍ» የሚለውን ውሰት ቃል እጠቀማለሁ፤ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም መጥራት ሲያስፈልግ ደግሞ «ዳዊ» እላለሁ። ጎረቤት ያወጣለትን ስምና ራሱ የመረጠውን ስም ለይቶ ማየት ለዚህ ቀጠና ተመራማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ኩባንያው ራሱ ከ2015 ወዲህ ባወጣው ሌላ ምናባዊ ዓለም የድዋርፎችን ዘር «ዱዋርዲን» ብሎ ሰይሟል፤ እዚያ ግን ምክንያቱ አክብሮት ሳይሆን ማንም ሊጠቀምበት የማይችል የንግድ ስም መፈለግ ይመስለኛል።

የዳዊ ቋንቋ ኸዛሊድ ይባላል። ድምፁ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ለራሱ ድዋርፎች የፈጠረውን ኹዝዱልን ያስታውሳል፤ አወቃቀሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ቶልኪን ኹዝዱልን ሴማዊ እንዲመስል ሆን ብሎ እንደሠራው ራሱ ተናግሯል። የቋንቋው ስም «ኹዝዱል» እና የሕዝቡ ስም «ኸዛድ» ከአንድ ሥር፣ ከሦስት ተነባቢዎች የተገኙ ናቸው፤ ኦርክ የተባለው ጠላት በነጠላ «ሩኽስ»፣ በብዙ «ረኻስ» ነው። ግእዝ «ሀገር»ን «አህጉር» እንደሚያደርግ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ቤተኛ ነው። ኸዛሊድ ከዚህ ድምፁን እንጂ ሥርዓቱን አልወሰደም። «ኡምጊ» ማለት የሰው ልጆች ማለት ነው፤ «ኡምጋክ» ደግሞ ብልሹ፣ የይድረስ ይድረስ ሥራ። ግንዱ አይነካም፤ በጫፉ ላይ ቅጥያ ይለጠፋል። ከሰው ስም «ብልሹ ሥራ» የሚል ቃል የሚያወጣ ሕዝብ ስለ ጎረቤቱ ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው፤ በኸዛሊድ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው የቃል ምሥረታም ይህ ነው።

ከዚህ ያለፈ ግን ብዙ የለም። በጨዋታው ውስጥ የዳዊ ወታደር የሚናገረው የሰሜን ብሪታንያን ቅላጼ በሚያስታውስ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ኸዛሊድ እንደ ቅመም ጣል ጣል ይደረግበታል፤ የከተማ ስም፣ የጠላት ስም፣ የጦር ጩኸት። መዝገበ ቃላት አለ፤ ተናጋሪ የለም። ሰዋስዋቸውን የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ መሄድ አለበት።

አስመጣ

ድዋርፎች ፈረሰኛ የላቸውም። አስማተኛም የላቸውም፤ በምትኩ በብረትና በድንጋይ ላይ የኃይል ምልክት የሚቀርጹ ሩን ሠሪዎች አሏቸው። እግረኛቸው ከሌሎቹ ወገኖች እግረኛ ይልቅ ዘገምተኛ ነው። ጥሩሩ ግን ወፍራም፣ ወኔው በቀላሉ የማይሰበር ነው። ወደ አየር ከሚወጡላቸው መካከል ጃይሮኮፕተርና ጃይሮቦምበር የተባሉ በእንፋሎት የሚሠሩ በራሪዎች ይገኙበታል። አንድ ሠራዊት አዛዡን ጨምሮ ከ20 ጭፍራ አይበልጥም፤ ስለዚህ የጎደለውን በብዛት መሙላት አይቻልም።

ከዚህ በመነሣት የሚሰጠው የተለመደ ምክር ይታወቃል፦ ሠራዊቱን በሜዳው ጥግ ማስፈር፣ ጀርባን ለካርታው ጠርዝ መስጠት፣ መጠበቅ። ምክሩ ይሠራል። ማብራሪያው ግን ስህተት ነው። ድዋርፍ «መከላከያ ወገን» ስለሆነ ነው ይባላል። መከላከል ማለት ግን ሌላው ሲመጣ መመከት ነው፤ ጠላት ላለመምጣት ከመረጠስ? ዘገምተኛ እግረኛ ብቻ ያለው ሠራዊት ከፈጣን ቀስተኛ ጋር ሜዳ ላይ ቢፋጠጥ ሊደርስበት አይችልም፤ ሲጠጋው ይሸሻል፣ ሲቆም ይወጋዋል። በጥግ መቆም ብቻውን ድል ቢያመጣ ኖሮ መድፍ የሌለው የድዋርፍ ሠራዊትም ያሸንፍ ነበር። አያሸንፍም።

ልዩነቱን የሚያመጣው የረጅም ርቀት መሣሪያው ነው። ድንጋይ ወርዋሪው፣ መድፉ፣ ብዙ አፈሙዝ ያለው ኦርጋን ገን የተባለው መሣሪያ ጠላት ገና ሩቅ ሳለ ይደርሱበታል። የቆመ ጠላት በቆመበት ያልቃል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን ስለሚያሰላ በመሣሪያ ርቀት የተበለጠ ሠራዊቱን ወደፊት ይነዳል። እዚህ ላይ የአማርኛው ግሥ ከእንግሊዝኛው የስልት ቋንቋ የበለጠ ይረዳናል። «መጣ» እንላለን፣ «አመጣ» እንላለን፣ «አስመጣ» እንላለን። ያመጣ ሰው ከሚመጣው ነገር ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ያስመጣ ሰው ግን ከተቀመጠበት አይነሣም፤ የሚንቀሳቀሰው ሌላው ነው። የድዋርፍ ስልት አስደራጊ ነው። ፈረሰኛ ያለው ወገን ጠላቱን ሄዶ ያመጣዋል፤ ድዋርፍ ያስመጣዋል። ጥግ መያዙ የዚህ ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ጠላት ከየት አቅጣጫ መምጣት እንዳለበት የሚወስን ሠራዊት አቅጣጫዎቹን ቢያሳንስ ይጠቅመዋል፣ ነገሩ ይህ ብቻ ነው።

ይህ ከተያዘ የሰልፉ ዝርዝር ሁሉ በቀላሉ ይገባል። ኳረለር የሚባሉት ቀስተኞች ቀስታቸው በመሣሪያ የሚወጠር ሲሆን፣ የሚተኩሱት ቅስት ሠርቶ በግንባሩ ራስ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ ከኋላ ይቆማሉ። ሰንደረር የሚባሉት ባለ ጠመንጃዎች ጥሩርን የሚበሳ ጥይት አላቸው፤ ጥይቱ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከፊታቸው ወገን ቆሞ ከሆነ ወይ አይተኩሱም ወይ የወገንን ጀርባ ይመታሉ። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ተዳፋት ላይ ከፍ አድርጎ ማቆም፣ ወይም ጋሻ ያዦችንና ባለ ጠመንጃዎችን እንደ ዳማ ሰሌዳ ማፈራረቅ። በዳማው ሰልፍ ጠላት በክፍተቶቹ ሲገባ ከሁለት ጎን ይመታል፤ ክፍተቱ ከሰፋ ግን ባለ ጠመንጃው ራሱ ይጨፈለቃል። ግንባሩን የያዘው ጭፍራ «ቦታ አትልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ሊሰጠው ግድ ነው፤ ያለዚያ የሸሸ ጠላት ተከትሎ ይወጣል፤ ዘገምተኛ ስለሆነም አይደርስበትም፣ በጊዜውም አይመለስም። ማሳደድ ለጃይሮኮፕተር ይተዋል። ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ያልተባረረ ሽሽት ወኔውን መልሶ ሊያገኝ ይችላልና፣ ድዋርፍ አሸንፎ ያንኑ ጠላት ደግሞ የሚዋጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከመድፎቹ አጠገብ አንድ ሁለት የእግረኛ ጭፍራ ማስቀረትም ያስፈልጋል። ከቫምፓየሮች ጋር በሚደረግ ውጊያ ይህ በግልጽ ይታያል። የሙታን ሠራዊት ተኳሽ ስለሌለው የድዋርፍ እሳት መልስ አያገኝም፤ የጠላት መልስ በሰማይ የሚመጣው የሌሊት ወፍ መንጋ ነው፤ የሚወርደውም መድፈኞቹ ላይ ነው። የሙታኑ ዋና መሣሪያ የሆነው ፍርሃት ደግሞ በድዋርፍ ወኔ ላይ እምብዛም አይሠራም። በዚህ ውጊያ «አስመጣ» ያለ እንከን ይሠራል።

የሕጉን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ግን የሚፈርስበት ቦታ ነው። ስኬቨን የተባሉት የአይጥ ሕዝቦች በሁለተኛው ክፍል ረጅም ርቀት የሚመቱ ጠመንጃዎችና መድፎች ይዘው መጡ፤ በ2023 የተጨመሩት የኬዮስ ድዋርፎችም፣ በኸዛሊድ «ዳዊ-ዛር»፣ የእሳት ዳዊ፣ እንደዚሁ ከባድ መሣሪያ አላቸው። ከነዚህ ጋር በጥግ መጠበቅ መሞት ነው። ሁለቱም ወገን አስመጪ ሲሆን ማንም አይመጣም፤ በመሣሪያ ርቀት ያነሰው መሄድ አለበት። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ጃይሮኮፕተሮቹን ወደ ጠላት መድፍ ይልካል፣ ጋሻ ያዡን ሳይወድ በግድ ያራምዳል። ድዋርፍ በመሠረቱ መከላከያ ወገን ቢሆን ኖሮ ከማንም ጋር በጥግ መቆሙ በጠቀመው ነበር።

የአማርኛን የጦር ቃላት ወደዚህ ሰልፍ ለማምጣት ስንሞክር ደስ የሚል ችግር ይገጥመናል። ነባሩ የሰልፍ ስያሜያችን ከጉዞ የተወለደ ነው። ፊታውራሪ በፊት የሚዘምተው፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው አዝማች ነው፤ «አዝማች» ራሱ ከ«ዘመተ» የወጣ ነው። ማዕረጎቹ ሁሉ የሚሄድ ሠራዊት ይጠይቃሉ። ለድዋርፍ ሰልፍ ከነዚህ አንዱም አይሆንም። የሚሆነው «ደጀን» ነው፤ በተለመደው አገባብ ከኋላ ሆኖ ግንባሩን የሚደግፈው ኃይል። በድዋርፍ ዘንድ ሠራዊቱ በሙሉ ደጀን ነው። ፊታውራሪው ድንጋይ ነው።

የጭፍሮቹን ስም መተርጎም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰንደረርን «ነፍጠኛ» ማለት በቃሉ ጥንተ ፍቺ ትክክል ነው፤ ነፍጥ ያነገበ ማለት ነውና። ነገር ግን ዛሬ ይህን ቃል ያለ ፖለቲካዊ ክብደቱ ማንበብ የሚችል የኢትዮጵያ አንባቢ የለም፤ ጨዋታውን ልጽፍ ተነሥቼ ሌላ ክርክር እከፍታለሁ። «ባለ ጠመንጃ» ብሎ ማለፍ ይሻላል። የኳረለር ስም በእንግሊዝኛ የቀስት ፍላጻንም ጠብንም በአንድ ቃል ይይዛል፤ ይህ ቅኔያዊ ድርብነት በአማርኛ አይገኝም፣ በግድ መፈለግም አያስፈልግም። አሳሳቹ «ስሌየር» ነው። ቃል በቃል «ገዳይ» ነው። በፉከራ ልማዳችን ግን ገዳይ የክብር ስም ነው፤ ገዳይ ይፎክራል፣ ይወደሳል። በዋርሀመር ስሌየር የሚባለው ተዋርዶ የወጣ ነው፤ ነውሩን በሞት ለማጠብ የማለ፣ ጥሩሩን አውልቆ ጠጉሩን በብርቱካን ቀለም ነክሮ ወደ ትልልቅ አውሬዎች የሚሄድ ሰው ነው። ስልቱም ከመሐላው ይመነጫል። ወኔው ከቶ አይሰበርም፣ ግዙፍ ጠላትን በመጣል ብርቱ ነው፣ ቀስት ግን እንደ ቅጠል ያረግፈዋል። ስለዚህ አውሬው ከሌሎች ጋር እስኪያያዝ ከግንባሩ ኋላ ተሰውሮ ይቆያል። «ገዳይ» ብንለው አንባቢው በመጀመሪያው መስመር ያሰልፈዋል፣ በቀስትም ያስፈጀዋል። «ሞት ፈላጊ» እለዋለሁ። በተቃራኒው ሎንግቢርድ የሚባሉት፣ ዕድሜ የጠገቡት፣ ወጣቱን ሁሉ የሚነቅፉት፣ በማጉረምረማቸው በአጠገባቸው ያሉትን የሚያጸኑት ጭፍሮች «ሽማግሌዎች» ቢባሉ ያምርባቸዋል፤ አንድ ልዩነት ብቻ አለ። የእኛ ሽማግሌ ያስታርቃል።

በደልና ቂም

ድንጋይ ወርዋሪው በእንግሊዝኛ ስሙ «ቂም ወርዋሪ» ነው። በዋርሀመር ትረካ የዳዊ መድፈኞች የደረሰባቸውን በደል በድንጋዩ ላይ ይቀርጹና ይወረውሩታል። ጠላት ከዳዊ የሚደርሰው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸው ነው። የጽሑፎቹ ሁሉ እናት ደግሞ «ዳማዝ ክሮን» የተባለው ታላቅ መጽሐፍ ሲሆን፣ ጠባቂው በዙፋን ላይ ተቀምጦ በሸክም ወደ ጦርነት የሚሄደው ንጉሥ ቶርግሪም ነው።

ይህን መጽሐፍ በአማርኛ ምን እንበለው? እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ የተፈጸመውን ክፉ ሥራና ተበዳዩ በልቡ የያዘውን። አማርኛ ይለያቸዋል። «በደል» የሌላው ሥራ ነው፤ ይፈጸማል፣ ይደርሳል፣ ይቆጠራል፤ «በደሎች» ማለት ያስኬዳል። «ቂም» የእኔ ነው፤ ይያዛል፣ ይቋጠራል፤ «ሦስት ቂሞች» ቢባል ጆሮ ይሻክራል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። የመጽሐፉ ስም «መዝገበ በደል» ሲሆን ተከሳሹ ጠላት ነው፤ «መዝገበ ቂም» ሲሆን የምንመለከተው መዝጋቢውን ነው። ተርጓሚ አንዱን ሲመርጥ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ይወስናል።

በ2016ቱ ሥራ መልሱ «በደል» ነበር። ጠላት የዳዊን ምድር ሲዘርፍ ወይም ከተማ ሲያጠፋ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል፤ አድራጊው፣ ድርጊቱና ማካካሻው ተጠቅሰው። ያ ሠራዊት ሲመታ፣ ያ ከተማ ሲያዝ መስመሩ ይሰረዛል። ሳይሰረዝ የተከማቸው ሲበዛ የሕዝቡ ጸጥታ ይናጋል። በተጨማሪም በዚያ ክፍል ዳዊ በሰው ልጆች ከተሞች መስፈር አይችሉም ነበር፤ መስፈር የሚችሉት በራሳቸውና በግሪንስኪኖች ይዞታዎች ነበር። በሰው አገር የተፈጸመ በደል ስለዚህ ምንም ጥቅም ሳይገኝበት ይበቀሉታል፤ ሄዶ አጥፍቶ መመለስ ነው። ይህ ገደብ በ2017 ቀርቶ ሕዝቡ በአየር ንብረቱ ተስማሚነት እንዲሰፍር ተደረገ፤ ለተጫዋቹ ተመቸ፣ የቂም በቀልን ባዶነት የሚያሳየው ሕግ ግን አብሮ ሄደ።

ስልትን በተመለከተ ከዚህ የሚወጣው ተቃርኖ የሥራው እጅግ የበለጸገ ክፍል ይመስለኛል። በሜዳ የሚያስመጣው ሕዝብ በካርታ ላይ ሂያጅ ነው። መዝገቡ ሩቅ ይልከዋል፤ በተራሮች ሥር በሚያልፈው «አንደርዌይ» በተባለው የምድር ውስጥ መንገድ ይጓዛል፤ በዚያው ጨለማ ከግሪንስኪን ጋር ሊገጣጠም ይችላል። ብልህ ተጫዋች ተቃርኖውን የሚያስታርቀው ሩቅ ሄዶም በማስመጣት ነው። የጠላትን ከተማ ወዲያው ከመውረር ይልቅ ይከባል። ከበባው ውስጥ ያለውን ጦር እንዲወጣ፣ ውጪ ያለውን እንዲደርስለት ያስገድዳል፤ ሲመጡም ዳዊ ሰልፉን ይዞ፣ መድፉን አጥምዶ ይጠብቃቸዋል። ተበዳዩ በበዳዩ ደጃፍ ቆሞ በዳዩን ያስመጣዋል። ከተማይቱን በአንድ ቀን መያዝ የሚፈልግ ሰው በሽማግሌዎቹ ጢም ላይ እንደሚቀልድ ይቆጠር።

በ2024 «ስሮንስ ኦቭ ዲኬይ» ከተባለው ተጨማሪ ክፍል ጋር ይህ ሥርዓት ተለወጠ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ የጠላት ሠራዊትና ከተማ በላዩ የተከማቸ የቂም ልክ አለው፤ ልኩ በቁጥር ይታያል። ዳዊ ሲመታው ያን ቁጥር ይሰበስባል፤ ዘመኑ ሲያበቃ የሰበሰበው ከታለመው ጋር ተነጻጽሮ ሽልማት ወይም ቅጣት ይከተላል። እንደ ጨዋታ ከቀድሞው ይሻላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የቀድሞው መዝገብ ከዓለም ዳር ወደ ዓለም ዳር የሸሸ አንድ ሠራዊት እንዲፈለግ ያዝዝ ነበር፤ ተጫዋቹም በመጨረሻ መዝገቡን ንቆ ይተወው ነበር። አሁን የትኛው ጎረቤት ቢመታ እንደሚበጅ በጨረፍታ ይታያል፤ ስልቱ ተሰብስቧል፤ ቅርብ ያለውን ከፍተኛ ልክ መምታት፣ በዘመኑ መጨረሻ የጎደለውን ለመሙላት አንድ ትኩስ ሠራዊት ማቆየት ይበቃል።

የጠፋው ዐረፍተ ነገሩ ነው። የሚቆጠረው ስም ወደማይቆጠር ስም፣ በደሉ ወደ ቂም ተለውጧል። ቀድሞ ተጫዋቹ የሚጠይቀው «ማን ምን አደረገን?» ብሎ ነበር፤ አሁን «የት ብዙ አለ?» ብሎ ነው። አድራጊ የሌለው፣ በምድር ላይ እንደ ማዕድን ተኝቶ የሚታፈስ ቂም። በደልን በቁጥር መተመን በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ቀጠና የሚሠሩ ባልደረቦች የሶማልኛውን «መግ» ያውቁታል፤ በልማዱ ለአንድ ወንድ ደም 100 ግመል ይቆጠራል። የኦሮሞው «ጉማ»ም እንዲሁ ካሳን ከእርቅ ጋር ያያይዛል። እነዚያ ቁጥሮች ግን የሚከፍላቸው በዳዩ ነው፤ ሲከፈሉም ደሙ ይቆማል። የ2024ቱን ቁጥር የሚሰበስበው ተበዳዩ ራሱ በሰይፉ ነው፤ ሲሞላም የሚቀጥለው ዘመን ይጀመራል። ከካሳ ይልቅ ለግብር ይቀርባል።

ለተርጓሚ የሚተርፈው ሥራ ከዚህ ይከተላል። ለመጀመሪያው ክፍል ዳማዝ ክሮንን «መዝገበ በደል» እለዋለሁ፤ ለ2024ቱ ሥርዓት «የቂም ልክ» እላለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ንድፍ አውጪዎቹ የለወጡትን ነገር መሸፈን ይሆናል። ድርጊቱን በተመለከተ «ቂም ተወጣ» ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል፤ «ደም መለሰ» የሚሆነው የዳዊ ሰው በሞተበት ብቻ ነው። «ታረቀ» ለሚለው ግሥ በመዝገቡ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላገኘሁለትም፤ መስመርን የሚሰርዘው ሥራ ነው እንጂ ሽማግሌ አይደለም። ሽማግሌዎቹ በዳማው ሰልፍ ግንባር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ።